ከአልጋ ሥር የገባው ጎመን

ባለጎመኗ አንድ የቆየ ቂም ነበራት። ቂሙን ያረገዘችው ባሏ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ነው። ያን ቀን በማለዳ ተነስታ ጎመን ቀቀለች፤ ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ፣ እንዳይቀዘቅዝ በፎጣ ጠቅልላ ወሰደችለት። ከአልጋው አጠገብ ባለው ኮመዲኖ ላይ ብርቱካን ተቆልሏል፤ የባሏ እህት ያመጣችው ነው። እህትየዋ ሳህኑን ተቀበለች፤ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየች፤ መልሳ ከደነችና "ይሄ እንኳን ከአልጋው ሥር ይሁን፤ ጠያቂ ይመጣል" ብላ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

በእጇ ብትገፋው ኖሮ ነገሩ ምናልባት ይረሳ ነበር። ባለጎመኗን ሲያንገበግባት የኖረው በእግሯ መሆኑ ነው። ባሏ ከዚያ አልጋ አልተነሳም። እሷም ሳህኗን እንደተከደነ ይዛ ወጣች፤ ቂሟንም እንደተከደነ ያዘች።

ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል። ባለጎመኗ ለዚህ እንኳን አልታደለችም። የባሏ እህት ብርቱካን ነጋዴ ናት፤ መደቧም ከባለጎመኗ የጎመን መደብ ጎን ነው። ሁለቱንም ቦታ የፈለገላቸው ሟቹ ነበር፤ ቤተሰብ ጎን ለጎን ከዋለ ይደጋገፋል ብሎ። ባለጎመኗ ለቅሶው ሲያበቃ ቆርቆሮ አመጣችና በሁለቱ መደብ መሃል አቆመች። ከዚያ ወዲህ በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም። የሚነጋገሩት በገዢ በኩል ነው። "እባክሽ እህቴ፣ ይቺን ሴትዮ ዘምቢሏን ከመተላለፊያው ታንሳ በያት" ትላለች ባለጎመኗ። "ዘምቢሌ ያለው መደቤ ላይ ነው በያት" የሚል መልስ ከቆርቆሮው ወዲያ ይመጣል። መሃል የገባችው ገዢ ካሮቷን እንደታቀፈች አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ትዞራለች።

ቁስሉን ዕለት ዕለት የሚነካካው ደግሞ ገበያው ከሆስፒታሉ አጥር ሥር መሆኑ ነው። በሽተኛ ጠያቂ ሁሉ በባለጎመኗ ፊት አልፎ ብርቱካን ገዝቶ ይገባል። ጎመን ይዞ በሽተኛ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላየችም። "ሲያወሩ ጎመን በጤና ይላሉ፤ ጤናው ሲጎድል ግን ጎመኑን ያፍሩበታል" ትል ነበር፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ቀጥሎ ይኖር ነበር፤ ልጇ ባታረግዝ ኖሮ።

ልጅቷ ለእናቷ አንድ ናት። የልጅቷ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ስለሆነም እናቷ ዘንድ ገባች። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ፊቷ ገረጣ። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ልብስ አጥባ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል። ሆስፒታል ሄዳ ስትመረመር ደሟ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የእርጉዞች ክፍል ሲስተር ወጣት ናት፣ ግን ነገር አታለባብስም። ሲወለድ ደም መፍሰሱ እንደማይቀር፣ ደሟ የሞላ ሴት እንደምትችለው፣ በዚህ ሁኔታ ግን ትንሽ በዛ ካለ ለነፍሷም እንደሚያሰጋ ነገረቻት። የብረት ኪኒን ሰጠቻት፤ ምን መብላት እንዳለባትም አስረዳቻት።

ልጅቷ ቤት ገብታ ይህን ስትናገር ባለጎመኗ አልደነገጠችም። እንዲያውም ከብዙ ዓመት በኋላ ተራዋ የደረሰ መሰላት።

"ለደም ጎመን" አለች። "ሌላ ምንም አያስፈልግሽም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን ሆነ። ኪኒኑ ልጅቷን ሲያቅለሸልሻት እናትየዋ ወስዳ የስኳር ጣሳ ውስጥ ከተተችው፤ ጎመን እያለ ምን በወጣሽ ብላ። ልጅቷ ያን ለዝቦ የጠቆረ ቅጠል በሻይ እያወራረደች ትውጠዋለች። እናቷ ወደ ገበያ ስትወጣ ደግሞ ትንሽ ቆየት ብላ ትከተልና በጓሮ በኩል ዞራ አክስቷ ዘንድ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች። ብርቱካን ትልጥላታለች አክስቷ። እናት ከወዲህ ጎመን ታስራለች፤ ልጅ ከወዲያ ብርቱካን ትበላለች። በመሃላቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትመረመር ደሟ ካለበት ፈቀቅ አላለም።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ሲስተሯ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጎመን ልትገዛ ጎራ አለች። ባለጎመኗ አላወቀቻትም፤ አንድ እስር አንስታ ሰጠቻት። ሲስተሯ ሒሳቧን ከፍላ ብርቱካን ልትጨምር ወደ ቀጣዩ መደብ ዞር ስትል በርጩማው ላይ ያለችውን ልጅ አየች።

"አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ዛሬስ እንዴት ነሽ፣ ማዞሩ ተወሽ?" አለቻት።

ባለጎመኗ "ማዞር" የሚለውን ቃል ስትሰማ ብድግ አለች። በቆርቆሮው ጠርዝ አጮልቃ ብታይ የገዛ ልጇ፣ በአክስቷ ጉያ፣ አፏ በብርቱካን ተሞልቶ። ልጅቷ ማኘኳን አቆመች።

እናትየዋ ብዙ ልትናገር ትችል ነበር። የሚበቃትን ያህልም ተናገረች። ቤት ያለው ጎመን እያንገሸገሸሽ በሰው ደጃፍ ብርቱካን ትለምኛለሽ ወይ የሚል ነው የንግግሯ ጭብጥ። ከወዲያ በኩል ደግሞ ባለብርቱካኗ፣ በልማዷ ሲስተሯን መልእክተኛ አድርጋ፣ "ልጄ፣ ይቺን ሴትዮ በይልኝ፤ ልጅቷን በቅጠል ልትገላት ነው። ቫይታሚን ያለው ብርቱካን ውስጥ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል" አለች።

"በይልኝ" አለች ባለጎመኗም በተራዋ፣ "ብርቱካን ስኳር ያለው ውሃ ነው። ደም የሚሆነው ጎመን ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ ልጄ፤ እዚሁ ቆመሽ ፍረጂን።"

ሲስተሯ የሁለቱን መደብ እናቶች ተራ በተራ አየች። የሚቀልዱ መስሏት ነበር፤ አይቀልዱም። ዘምቢሏን መሬት አስቀመጠችና ሚዛን ለመነቻቸው።

"እናቶቼ፣ ከተፈቀደልኝ እኩል እንመዝናቸው" አለች፤ በአንዱ ሳህን ብርቱካን፣ በሌላው ጎመን አድርጋ። ቅጠሉ ቀላል ስለሆነ ሳህኑ ሞልቶ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ። ሲስተሯ ሚዛኑ እኩል እስኪሆን ጠብቃ ቀጠለች። "በእኩል ክብደት ከሄድን፣ በብረት የሚበልጠው ጎመኑ ነው። ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየምም ጎመኑ ውስጥ ይበዛል፤ ለዓይን የሚጠቅመውም እንዲሁ። ቫይታሚን ሲ የሚባለውን ሰው ሁሉ ከብርቱካን ጋር ነው የሚያውቀው፤ ጥሬ ጎመን ግን በሱ ከብርቱካን ብዙ አያንስም፣ እንደ ዓይነቱ የሚበልጥም አለ።"

ባለጎመኗ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ባሏ በሕይወት ኖሮ ይህን ቢሰማ ምን ነበረበት አለች በልቧ።

"ግን" አለች ሲስተሯ፣ "እማማ፣ እርስዎ ጎመኑን እንዴት ነው የሚሠሩት?"

ባለጎመኗ በዚህ አትታማም። ሙያዋን በኩራት ዘረዘረች። መጀመሪያ አድቅቃ ትከትፋለች፤ የከተፈችውን አረንጓዴው ውሃ እስኪጠፋ በእጇ እያሸች ታጥበዋለች፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ትቀቅለዋለች፤ ውሃውን ደፍታ በሌላ ውሃ ትደግመዋለች፤ በጣት ሲነኩት እስኪፈርስ እሳት ላይ ታቆየዋለች።

"ውሃውንስ ምን ያደርጉታል?"

"እደፋዋለኋ። ምን ላድርገው ታዲያ፣ ልታጠብበት?"

"ልጅዎ ከሚያስፈልጋት ብዙውን የደፉት ከዚያ ውሃ ጋር ነው" አለች ሲስተሯ። "ከብርቱካን ጋር የሚወዳደረው ቫይታሚን በውሃ ይሟሟል፣ በእሳትም ይጠፋል። እርስዎ በእጅዎ አሽተው ግማሹን አወጡት፣ የተረፈውን ቀቅለው ደፉት። ብርቱካኑን ደግሞ ማንም አይቀቅለውም፤ ስለዚህ ያለውን ይዞ ሆድ ይገባል። ጎመንዎ የተሸነፈው በብርቱካን አይደለም፣ በድስትዎ ነው።"

ከቆርቆሮው ወዲያ የሳቅ ድምፅ ተሰማ።

ባለጎመኗ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ያነሳችውም መከራከሪያ ከንቱ አልነበረም። ይህ ቅጠል የሚበቅለው ጭቃ ላይ መሆኑን፣ የሚጠጣውም ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ ከአምጪዎቹ አፍ መስማቷን ተናገረች። እናቷ እንዲህ አድርጋ አብስላ አሳድጋታለች፤ እሷም ልጇን እንዲሁ አሳድጋለች፤ ማንንም ሆዱን ቆርጦት አያውቅም። "አንቺ መጽሐፉን አየሽ እንጂ ጭቃውን አላየሽም" አለቻት።

"ጭቃውን ስላዩ ነው የሚያጥቡት፣ ልክ ነዎት" አለች ሲስተሯ። "እጥበቱን ይቀንሱ አላልኩም፤ እንዲያውም ይጨምሩ። ቅጠሉ ሳይከተፍ፣ አንድ በአንድ፣ ፊቱንም ጀርባውንም በንጹህ ውሃ። ቆሻሻው ያለው ላዩ ላይ ነው፤ ጥቅሙ ያለው ውስጡ ነው። ከከተፉት በኋላ ሲያጥቡት ውስጡንም ነው የሚያጥቡት። ከዚያ በትንሽ ውሃ፣ ከድነው፣ በደንብ ይንፈር፤ ቀለሙ ሳይጠቁር ያውጡት። የቀረችውን ውሃ ልጅዎ ከነቅጠሉ ትብላት።"

የእጅ ሙያ እንደ ሃይማኖት ነው፤ ሰው ከእናቱ እጅ የወሰደውን ነገር ስህተት ነው ሲሉት እናቱን የነኩበት ይመስለዋል። እውነቱ ግን የባለጎመኗ እናትም ብትሆን ያን ያደረገችው የሚነግራት ስላልነበረ ነው።

አሁን ተራው የባለብርቱካኗ ሆነ። ብርቱካን ብቻውን ደም አይሞላም አለቻት ሲስተሯ፤ በውስጡ ያለው ብረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጠዋት ጨምቆ ስኳር ጨምሮ ከሰዓት ማጠጣትም ጥሩ እንዳልሆነ ነገረቻት፤ ፍሬው እንዳለ፣ ከነክሩ ሲበላ ይሻላል፣ ሆድም ያለሰልሳል። ባለብርቱካኗ ጥርሷን ነክሳ ሰማች። ከወዲህ በኩል ሳቅ አልተሰማም፤ ባለጎመኗ እያዳመጠች ነበር።

"ታዲያ ሁለታችንም ከንቱ ነን ማለት ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ለየብቻ ስለሆናችሁ ነው እማማ። የቅጠል ብረት ዓይን አፋር ነው። ሆድ ቢገባም ወደ ደም የሚወስደውን በር አያንኳኳም፤ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ብርቱካን አብሮት ሲበላ ግን እንደ ሚዜ ክንዱን ይዞ ያስገባዋል። አብሮ መሆን አለበት፣ በአንድ ገበታ። ልጅዎ ጎመኑን ቤት፣ ብርቱካኑን እዚህ ስትበላ ሙሽራውና ሚዜው ሳይገናኙ ነው የሚውሉት። ሻይ ደግሞ በሩ ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው፣ ይመልሰዋል። ሻይ ከወደደች ከምግቡ ሰዓት ራቅ አድርጋ ትጠጣ።" ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ኪኒኑንስ እየወሰድሽ ነው?"

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። በባለጎመኗ ዓይነ ሕሊና የስኳር ጣሳው ድቅን አለ።

"ጎመን እያለ..." ብላ ጀመረች።

"እማማ፣ እስካሁን የተናገርኩት በፈገግታ ነው። ይሄን በፈገግታ አልናገርም" አለች ሲስተሯ። "ደሟ እዚህ ከወረደ በኋላ ምግብ ብቻውን በጊዜ አይደርስላትም። ኪኒኑ ግድ ነው። ካቅለሸለሻት ከምግብ ጋር ትውሰደው፤ ካልሆነም እኔ ዘንድ ትምጣ፣ እንቀይርላታለን። ጎመንና ብርቱካን ያግዙታል እንጂ አይተኩትም።"

ሲስተሯ ዘምቢሏን አንስታ ተሰናብታ ሄደች። ባለጎመኗ "አስብበታለሁ" ብላ ብቻ ሸኘቻት። ባለጎመኗን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ እንቢታ መሆኑን ያውቃል።

ቤት ሲገቡ ባለጎመኗ እንደ ልማዷ ቢላዋና መክተፊያውን ይዛ ተቀመጠች። ልጅቷ እራት አልበላም አለች። ለምን ስትባል በመጀመሪያ ደከመኝ አለች፤ ሲደጋገምባት ግን ተናገረች።

"እማዬ፣ አንቺና አክስቴ ማን እንዳሸነፈ ትቆጥራላችሁ። የምወልደው እኔ ነኝ። እኔ ሌሊት ልቤ ሲመታ ጎመን ይሁን ብርቱካን አይደለም የማስበው። አባቴ የገባበት በር ነው የሚታየኝ። እሱ ገብቶ አልወጣም።"

ባለጎመኗ ቢላዋውን አስቀመጠች። ሐዘኗን የልጇ ሐዘን አድርጋ አይታው አታውቅም፤ የራሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ቆይታ ተነሳችና የስኳር ጣሳውን አወረደች፤ ኪኒኑን አውጥታ ከብርጭቆ ውሃ ጋር ልጇ ፊት አስቀመጠች። ከዚያ ያልተከተፈውን ጎመን በሳፋ ነክራ፣ አንድ በአንድ፣ ፊቱንም ጀርባውንም እያጠበች አመሸች። ስትጨርስ የመጨረሻው ውሃ ጥርት ብሎ ነበር። ድስቱን ስትከፍት ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ነው፤ ያልበሰለ መስሏት ደጋግማ ቀመሰችው። በስሏል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር፤ ሚዜው።

በማግስቱ መደቧን ከመዘርጋቷ በፊት ቆርቆሮውን ዞረችና ባለብርቱካኗ ፊት ቆመች። "ብርቱካን ስጪኝ። የበሰለ ይሁን" አለች።

ባለብርቱካኗ መልእክተኛ ፍለጋ ግራና ቀኝ ዞረች። ማንም የለም። "ለእኔ ነው የምትናገሪው?" አለች።

"ብርቱካን የሚሸጥ ሌላ ሰው ይታይሻል?"

ባለብርቱካኗ ዘምቢሉን እስከ ታች አገላብጣ፣ በእጇ እየመዘነች፣ ጭማቂ የሞላውን መርጣ ሰጠቻት። ክፍያ አልቀበልም አለች፤ ባለጎመኗም ካልተቀበልሽ አልወስድም አለች። እንደዚህ ሲጨቃጨቁ ገበያተኛው ተሰበሰበባቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጭቅጭቃቸው በቀጥታ ሆነ፤ ይህም ራሱ መሻሻል ነው።

እንግዲህ ልጅቷ ጎመኑን ከብርቱካን ጋር በአንድ ገበታ፣ ኪኒኑን በየዕለቱ፣ ሻዩን ከምግብ አርቃ መውሰድ ጀመረች። ጎመኑን አሁን ሳያንገሸግሻት በላችው፤ ጣዕም አለው እኮ አለች። ቀስ በቀስ ከንፈሯ ቀላ፤ ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች። እንደገና ስትመረመር ደሟ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መውለጃዋ ሲቃረብ ደግሞ ሲስተሯ ውጤቱን አይታ "አሁን አልፈራልሽም" አለቻት። እናትየዋ የረዳት ኪኒኑ ነው፣ ጎመኑ ነው ወይስ ብርቱካኑ ብላ ጠየቀች። ሦስቱም ናቸው አለች ሲስተሯ። "ጎመኑ ነው" አለች ባለጎመኗ ከክፍሉ ስትወጣ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ሰው አንድ ቀን ስለተማረ ግትርነቱ በአንድ ቀን አይለቅም።

ልጅቷ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። ደም ፈሰሰ፣ እንደሚፈሰው፤ እሷም ቻለችው።

በማግስቱ ባለጎመኗ ያንኑ የድሮ ሳህን፣ ክዳን ያለውን፣ በፎጣ ጠቅልላ ሆስፒታል ገባች። ክፍሉ ሌላ ነው፤ አልጋውና ኮመዲኖው ግን እንደዚያን ጊዜው ናቸው። ኮመዲኖው ላይ ብርቱካን ተቆልሏል። አጠገቡ የባሏ እህት ቆማለች። በአልጋው ዙሪያ ጠያቂ ሞልቷል።

ባለብርቱካኗ እጇን ወደ ሳህኑ ዘረጋች። ባለጎመኗ አልሰጠቻትም። ሁለቱ ተያዩ፤ ሁለቱም ያንን ቀን አስታወሱ።

"ያን ጊዜ አፍሬ ነው" አለች ባለብርቱካኗ ቀስ ብላ። "ወንድማቸውን በጎመን ያስታምሙታል እንዳይሉን።"

"በእግርሽ ነው የገፋሽው።"

"በእግሬ ነው።"

ባለብርቱካኗ ዞር ብላ ብርቱካኖቹን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ኮመዲኖው ጥግ አስጠጋቻቸው፤ መሃሉን ባዶ አደረገችው።

ከጠያቂዎቹ አንዷ ይህን አይታ "ጎመን ለወላድ? ገና ትናንት የተገላገለች ልጅ?" አለች።

ባለጎመኗ አፏን ልትከፍት ስትል የባሏ እህት ቀደመቻት። ጎመን ደም ለፈሰሳት ሴት ብረት እንዳለው፣ የድሃ ምግብ ነው ብሎ የናቀው ሰው የናቀው የገዛ ጤናውን መሆኑን፣ ብርቱካን ብቻ ተሸክሞ መምጣት ለዓይን እንጂ ለደም እንደማይበቃ፣ ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ ግን አንዱ ሌላውን እንደሚያስገባው ለጠያቂዋ አስረዳቻት። ሚዜውንም ዘበኛውንም አልረሳችም። "ሐኪም ያዘዘው ኪኒን ካለ ደግሞ ጣሳ ውስጥ አይከተትም" ብላ ደመደመችና ባለጎመኗን በጎን አየቻት።

"መጀመሪያ ማጠብ፣ ከዚያ መክተፍ፤ እሱን ዘለልሽው" አለች ባለጎመኗ።

ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ኮመዲኖው መሃል ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑን አነሳች። አንድ ብርቱካን ከጥጉ ወስዳ በቢላዋ ከፈለችና ከጎመኑ አጠገብ አደረገችው። ለልጇ ማንኪያ ሰጠቻት።

ማታ ገበያው ሲበተን ቆርቆሮውን ነቀለችው። በዝናብ ጊዜ ለሁለቱም መደብ ጣሪያ እንዲሆን።